አምስት ጊዜ ውሃ ለሚነካው እጅ የሚሆን ሰዓት

በየሴሚስተሩ መጀመሪያ፣ ከቤት የመጣችው ብር ገና ሳትመነዘር፣ «የትኛውን ሰዓት ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ በየዶርሙ ይዞራል። ስልክ እያለ ሰዓት ምን ይሠራል የሚልም አይጠፋም። ስልክ ግን ፈተና ክፍል አይገባም። መብራት ጠፍቶ ያደረ ቀን ደግሞ ለሱብሒ ይቀሰቅሰናል ያልነው ስልክ ራሱ ጠፍቶ ይገኛል። ሰዓት ያስፈልጋል እንላለን፤ ጭቅጭቁ የትኛው የሚለው ላይ ነው።

የእኛ እጅ በቀን እስከ አምስት ጊዜ ውዱእ ያደርጋል። ውሃው ደግሞ ከማሰሪያው ሥር ያለውን ቆዳ መንካት አለበት። ውሃ የማይችል ሰዓት ያለው ሰው አውልቆ የቧንቧው ጠርዝ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ኢቃማ ሲሰማ ይሮጣል፤ ሰዓቱ እዚያው ይቀራል። ውሃ የሚችልና ማሰሪያው ላላ የሚል ሰዓት ግን ወደ ክንድ ገፋ፣ መለስ እያደረጉ ሳያወልቁ ይታጠቡበታል። ስለዚህ ከመልኩ በፊት ጀርባውን ገልብጠን እንይ።

ቁጥር የሌለው «ዋተር ሬዚስት» ወይም «30 ሜትር» የሚል ጽሑፍ ፍንጣቂ ይችላል ማለት ነው እንጂ 30 ሜትር ጥልቀት ይገባል ማለት አይደለም። 50 ሜትር የሚለው ለውዱእና ለክረምቱ ዝናብ በቂ ነው፤ 100 ሜትር ከሆነ ዋናም ይችላል። ይህ ሁሉ ግን በቀዝቃዛ ውሃ ነው። ውሃውን የሚከለክለው በክዳኑ ዙሪያ ያለች ቀጭን የጎማ ቀለበት ናት፤ ሙቅ ውሃና ሳሙና ያደክሟታል። አምቦ ፍልውሃ ዋና የምትሄዱ አውልቃችሁ ግቡ። ባትሪ ስታስቀይሩም ሰዓት ሠሪው ጎማዋን በቦታዋ መመለሱን ቆማችሁ እዩ፤ ብዙ ደህና ሰዓት የሚበላሸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

በተማሪ አቅም የእኛ ምርጫ ተራ የፕላስቲክ ካሲዮ ነው። ኤፍ-91ደብሊው የሚባለው ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል፤ 21 ግራም ይመዝናል፤ ባትሪው ወደ 7 ዓመት ይቆያል፤ በወር ቢበዛ 30 ሰከንድ ያህል ይስታል። ጉድለቱ ፍንጣቂ እንጂ ብዙ ውሃ አለመቻሉ ነው። ትንሽ መጨመር የሚችል ደብሊው-800ኤች ይፈልግ፤ 100 ሜትር ይችላል፤ ባትሪው 10 ዓመት ይባልለታል። ከፍሬሽማን እስከ ምርቃት አልፎም ሥራ ያስይዛል ማለት ነው። ሲኮ 5 ባትሪ የማይፈልግ ግሩም ሰዓት ነው፤ ነገር ግን በቀን ብዙ ሰከንድ ሊስት ይችላል፣ በየጊዜው አገልግሎትና የሚያውቀው ሰዓት ሠሪም ይፈልጋል። ለደመወዝ ዘመን ይቆየን። ስማርት ሰዓት ደግሞ ሌላ ቻርጀር ጠያቂ ነው፤ ፈተና ክፍልም አያስገባም።

የማይዋጥልን ሌላ ነው። ወርቅ የሚመስል፣ የሮሌክስ ወይም የራዶ ስም የተጻፈበት ኮፒ። ሻጩ ኦሪጅናል ነው ካለ ማጭበርበር ነው። ገዥው ኮፒነቱን እያወቀ ለታይታ ካሰረው ደግሞ ውሸቱን በእጁ ይዞ እየዞረ ነው። ወርቅ ለወንድ ሐራም መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ በቅቡ ላይ ዑለማዎች የሚሉትን መጠየቅ ይቻላል፤ ብረት ወይም ፕላስቲክ ገዝቶ ከነጥያቄው መገላገልም ይቻላል። በዚያ ላይ ቅቡ በላብና በውዱእ ውሃ ይላጣል።

ካሲዮም ኮፒ አለው። በኤፍ-91ደብሊው ላይ የቀኝ ጎኑን ቁልፍ 3 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ብትይዙ የድርጅቱ ስም በመስተዋቱ ላይ ይወጣል፤ ይህ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፤ የጀርባውን ጽሑፍና የቁልፎቹን አሠራርም እዩ። መርካቶ ይረክሳል ብላችሁ የምትገዙም አስቡበት። ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ተመልሳችሁ አምቦ ከደረሳችሁ በኋላ ቢቆም ማን ይለውጥላችኋል? ለጉደር፣ ለጌዶና ለጊንጪ ልጆችም ያው ነው። ትንሽ ተወዶም ቢሆን ነገ ተመልሰን የምናገኘው ባለ ሱቅ ይሻለናል።

ዲጂታል ሰዓትን በእኛ አቆጣጠር ስትሞሉ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ያለውን «ኤኤም» ካላችሁት ቀኑ በመግሪብ አካባቢ ይቀየራል፤ የሂጅራ ቀን የሚገባበት ሰዓት ስለሆነ ለእኛ ባዳ አይደለም። «ፒኤም» ካላችሁት ግን ጠዋት 12 ላይ ነው የሚቀየረው። በዚህ ተምታቶበት ሰዓቱ ተበላሽቷል ብሎ የሚሸጥም አለ።

የገዛችሁ ዕለት ደግሞ መጀመሪያ የምታጠፉት በየሰዓቱ ቢፕ የምትለዋን ይሁን። ዙህር ሶላት ላይ ከአንድ ሰፍ ስድስት ሰዓት በተራ በተራ ሲጮህ ኢማሙም ይሰማል።