ኦሮማይ፣ «1984» እና የፎገራ ሩዝ

የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ደራሲው በዓሉ ግርማ ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ቮልስዋገን መኪናው ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ቆማ ተገኘች፤ እሱ ግን የገባበት ሳይታወቅ ይኸው ከ40 ዓመት በላይ ሆነው። ቀኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 14፣ 1984 ነበር። የጆርጅ ኦርዌል «1984» ዋና ገጸ ባሕርይ ዊንስተን ስሚዝ ማስታወሻ ደብተሩን ከፍቶ በድብቅ መጻፍ የሚጀምረው ደግሞ በዚያው ዓመት ኤፕሪል 4 ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው ልብወለድ የአስፈሪው ዓለም መክፈቻ ያደረገው ዕለት ሊደርስ ሰባት ሳምንት ሲቀረው፣ አዲስ አበባ ላይ አንድ ጸሐፊ በእውን ጠፋ።

መመሳሰሉ በቀኑ አያበቃም። ዊንስተን የሚሠራው የእውነት ሚኒስቴር በሚባል መሥሪያ ቤት ነው። ሥራው የቆዩ ጋዜጦችን መንግሥት ዛሬ ከሚናገረው ጋር እንዲስማሙ አድርጎ ማረም ነው። በዓሉ ግርማም የአዲስ ዘመን ጋዜጣ አዘጋጅ ነበር፣ ኋላም በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ሆኗል። ኦርዌል ራሱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በቢቢሲ ወደ ሕንድ የሚተላለፍ ፕሮግራም ያዘጋጅ ነበር። ሁለቱም የቃሉን ፋብሪካ ከውስጥ ያውቁታል።

የበዓሉ ልብወለድ ኦሮማይ በታተመ በ42 ዓመቱ፣ በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለዓለም አንባቢ ቀርቧል። ስለዚህ ሁሉን ጠቅላይ አገዛዝን ከሚያሳዩት የዓለም ልብወለዶች ጎን አስቀምጦ ለማየት ጊዜው አሁን ነው። ማነጻጸሪያውን ደግሞ ከቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ብቻ መፈለግ አያስፈልግም። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ወረታ ከተማ አጠገብ፣ ፎገራ ሜዳ ላይ በየዓመቱ ይዘራል፣ ይታጨዳልም።

መጀመሪያ ግን ልብወለዶቹ። የዘውጉ አባት የሚባለው ሩሲያዊው የቭጌኒ ዛሚያቲን «እኛ» የተባለውን መጽሐፍ የጻፈው ከአብዮቱ ማግስት ነው። በእሱ ዓለም ሰው ስም የለውም፣ ቁጥር ነው፤ የሚኖረውም ግድግዳው መስተዋት በሆነ ቤት ነው። በመጨረሻ መንግሥት ከዜጎች ጭንቅላት ላይ ምናብን በቀዶ ሕክምና ያስወግዳል። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1924 ኒውዮርክ ላይ በእንግሊዝኛ ሲወጣ በሶቪየት ኅብረት ግን እስከ 1988 ድረስ አልታተመም። አልዱስ ሐክስሊ እ.ኤ.አ. በ1932 ባወጣው ልብወለድ ሰው የሚገዛው በዱላ ሳይሆን በድሎት ነው፤ የከፋው ሰው «ሶማ» የተባለውን ክኒን ይውጣል፣ ይረሳል። ኦርዌል ደግሞ ፍርሃትን መረጠ። ሐክስሊ በኢተን ትምህርት ቤት ኦርዌልን ፈረንሳይኛ አስተምሮታል፤ «1984» እንደወጣም ለቀድሞ ተማሪው በጻፈው ደብዳቤ ወደፊት የሚመጡ ገዥዎች ከቡጢ ይልቅ ማደንዘዣን እንደሚመርጡ ነግሮታል። ካናዳዊቷ ማርጋሬት አትውድ በበኩሏ «የሴት አገልጋይዋ ታሪክ»ን መጻፍ የጀመረችው በዚያው በ1984፣ በምዕራብ በርሊን ነው። በታሪክ ያልተፈጸመ ምንም ነገር በመጽሐፉ ላለማስገባት ለራሷ ሕግ አውጥታ ነበር።

ከነዚህ ሁሉ መካከል ለኢትዮጵያ አንባቢ የሚቀርበው የትኛው ነው? ኦርዌል፣ ነገር ግን በመቆጣጠሪያ ቴሌስክሪኑ አይደለም። የደርግ ኢትዮጵያ በየቤቱ የሚተከል መሣሪያም፣ የመስተዋት ግድግዳም አላስፈለጋትም። ቀበሌ ነበር፣ አብዮት ጠባቂ ነበር፣ ጎረቤት ነበር። ኦርዌል በትክክል ያየው ቃሉን ነው።

በልብወለዱ መጨረሻ ባለው አባሪ ላይ ስለ አጫጭር ስሞች ይናገራል። ረጅሙ ስም ሲቆረጥና በአንድ ትንፋሽ የሚባል ሲሆን፣ በውስጡ የነበረው ሐሳብ አብሮ ይቆረጣል፤ ሰው ሳያስብ ይጠራዋል። ይህን ያነበበ ኢትዮጵያዊ የደርግ ዘመን የፓርቲና የማኅበራት አጫጭር ስሞችን፣ ኢሠፓአኮን፣ ኢሠፓን፣ መኢገማን፣ አኢወማን፣ አኢሴማን ያስታውሳል። «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደበት» በሚለው የሬዲዮ ዐረፍተ ነገር ውስጥ የገደለ የለም፣ የሞተም የለም። በጎንደር ክፍለ ሀገር የቀይ ሽብርን ዘመን ያሳለፉ እናቶች ይህ ዐረፍተ ነገር ምን ማለት እንደሆነ ያወቁት ልጃቸው ወደ ቤት ሳይመለስ ሲቀር ነው።

ፎገራ ላይ ቃሉ በገበሬ ማኅበር በኩል መጣ። በ1971 ዓ.ም. ስለ አምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበራት መመሪያ ሲወጣ ገበሬው ሦስት አዳዲስ ስሞች ሰማ፤ መልባ፣ ወልባ፣ ወላንድ። ደረጃ በደረጃ መሬቱ፣ ከዚያ በሬው፣ ከዚያ ሁሉም ነገር የጋራ የሚሆንበት መሰላል ነበር። የፎገራ ላም ባለቤት የሆነ፣ ጓያና ሽምብራውን ውሃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ዘርቶ የሚያድር ገበሬ፣ በስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ እንዲያጸድቅ ይጠበቅበታል። በሌላ በኩል የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ኮታ አለ። እህሉን መንግሥት በቆረጠው፣ ከገበያው ባነሰ ዋጋ ማስረከብ ግዴታ ነበር። ማሳው ያልሰጠው ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለድርጅቱ በርካሽ ያስረክባል። ዊንስተን የቸኮሌት ራሽን ከ30 ግራም ወደ 20 ወርዶ ሳለ በማግስቱ ወደ 20 ከፍ አለ ተብሎ ሲታወጅ ይሰማል። የራሱን እህል ከገበያ ገዝቶ «ትርፍ ምርት» ብሎ የሚያስረክበው ገበሬ ለዚህ ታሪክ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። «ዝም አይነቅዝም» ብሎ ይቀመጣል እንጂ።

የልብወለድ ደራሲዎቹ ያላዩትም አለ። በዚያው ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ወደዚህ ሜዳ መጥተው ሩዝ አስተዋወቁ። ሙከራው የተጀመረው በሁለት የገበሬዎች አምራች ማኅበራት፣ በደራ ወረዳ ጅግናና በፎገራ ወረዳ ሻጋ ነበር። የባለሙያዎቹ ሀገር በዓለም ላይ ከኦርዌል ልብወለድ ጋር ከማንም በላይ የምትመሳሰል ነች። እነሱ ያመጡት ዘር ግን ክረምት ክረምት የርብና የጉማራ ጎርፍ የሚተኛበትን፣ ለብዙ ሰብል የማይመቸውን ረግረግ ወደደው። «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዝርያ እስከ ዛሬ የመንደሩን ስም ተሸክሞ ይዘራል።

ዛሬ ወረታ የሩዝ መፈልፈያ ከተማ ናት። በምርት ጊዜ መፈልፈያ ቤት የገባ ሰው የሚያየው ይህን ነው፤ ወርቃማው ሩዝ ከጆንያ ወደ ማሽኑ አፍ ይገለበጣል፣ በአንድ በኩል ነጩ ፍሬ ሲወርድ በሌላው ገለባው ይተፋል፣ ብናኙ በሠራተኛው ቅንድብ ላይ ዱቄት መስሎ ይቀመጣል። ሴቶቹ የተሰባበረውን ከሙሉው እየለዩ ያበጥራሉ። ሩዙ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ይሆናል፣ ለጠላም ይውላል። ጎብኚው «ማን አመጣው?» ብሎ ቢጠይቅ ሽማግሌዎቹ «ኮሪያዎች» ይሉታል፣ ያልፉታል።

ማኅበራቱስ? የካቲት 26 ቀን 1982 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚን ሲያውጁ ገበሬው ከማኅበር መውጣት እንደሚችል ተነገረው። በአጭር ጊዜ ውስጥ በመላ ሀገሪቱ የሚበዙት አምራች ማኅበራት ፈረሱ፤ መሬቱም በሬውም ወደየባለቤቱ ተመለሰ። የመልባንና የወልባን ትርጉም ዛሬ የሚያውቅ ወጣት ጥቂት ነው። ሩዙን ግን ማንም አልነቀለውም። ገበሬው ቃሉንና ዘሩን ለይቶ ይዞት ነበር፤ አፉ ስብሰባ ላይ ያጸደቀውን ልቡ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ አስቀምጦ፣ የጠቀመውን ብቻ በማሳው አስቀረ። በኦርዌል ልብወለድ መንግሥት ዊንስተንን ያሸነፈው በመጨረሻ ቃሉንም ልቡንም አንድ አድርጎ ነው። ፎገራ ላይ ሁለቱ አንድ አልሆኑም።

ይህ ማለት ሥርዓቱ ጥሩም ሠርቶ ነበርና ይቅር ይባል ማለት አይደለም። ይልቁንም እንዲህ ያለው አገዛዝ ይበልጥ የሚያስፈራው አንዳንዴ እጁ ላይ መልካም ነገር ይዞ ስለሚመጣ ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሚሊዮን ለሚቆጠር ሕዝብ ፊደል አስቆጥሯል፤ በዩኔስኮም አሸልሟል። ያው መንግሥት ግን በ1975 ዓ.ም. ኦሮማይን ከመጻሕፍት መደብር ሰብስቦ ወሰደው። ማንበብ ያስተማረው እጅ ነው መጽሐፉን የነጠቀው። ሐክስሊም ዛሚያቲንም እንዲህ ያለ መንግሥት አላሰቡም፤ በዓሉ ግን ኖረበት።

ኦሮማይ ከሌሎቹ የሚለየውም በዚህ ነው። ታሪኩ የሚተርከው ስለ ሩቅ ዘመን አይደለም፤ ኤርትራ ውስጥ በ1974 ዓ.ም. ስለተካሄደው የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻ ነው። ተራኪው ፀጋዬ ኃይለማርያም የሥርዓቱ ተቃዋሚ አይደለም፣ ፕሮፓጋንዳውን የሚያቀናብር ጋዜጠኛ ነው። አዲስ አበባ ሮማን የምትባል እጮኛ ትቶ ሄዶ አስመራ ላይ ፊያሜታ የምትባል ሴት ያፈቅራል፤ መፈክሩን ይጽፋል፣ ስብሰባውን ይዘግባል፤ ጦሩ የዘመቻውን ዒላማ ናቅፋን ሳይዝ ሲቀር ደግሞ ያያል። በዓሉ ራሱ በዘመቻው የማስታወቂያ ሥራ አስመራ ነበር። አንባቢ በፀጋዬ በኩል የሚያየው አገዛዙ በጨካኞች ብቻ እንዳልቆመ ነው። ደህና ሰው፣ ሥራውን የሚወድ፣ ሀገሩን የሚያፈቅር፣ የሚቀልድ፣ የሚያነብ ሰው ነው ድምፁን የሚያበድረው። ዊንስተን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ በልቡ የሸፈተ ነው፤ ፀጋዬ ግን ያምናል። ለዚህ ነው የኦሮማይ ሕመም ለአንባቢ የበለጠ የሚቀርበው፤ ብዙ ሰው የኖረው እንደ ፀጋዬ ነውና።

ከበዓሉ በፊትም መንገዱን የጀመረ ነበር። ጣና አካባቢ የተወለደው አቤ ጉበኛ በንጉሡ ዘመን «አልወለድም» በተባለው ልብወለዱ ወደዚህ ዓለም መምጣት የማይፈልግ ጽንስን አናገረ። መጽሐፉ ተለቅሞ ተወሰደ፣ ደራሲውም ወደ ኢሉባቦር ተግዞ ሄደ። የዛሚያቲን ሰዎች ምናባቸውን በሐኪም ቢላ ይነጠቃሉ፤ የአቤ ጽንስ ከመወለዱ በፊት አልፈልግም ይላል። አንዱ ከሌላው አልቀዳም፤ ሁለቱንም ያጻፋቸው የሚያዩት አገዛዝ ነው።

ሦስተኛው ምስክር ልብወለድ ሳይሆን የሲጋራ ወረቀት ነው። ገጣሚውና ጋዜጠኛው ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ማዕከላዊ እስር ቤት ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን ትልቅ ልብወለድ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ ወደ አማርኛ መለሰው። ወረቀት የተከለከለ ስለሆነ የሲጋራ ፓኮ እየቀደደ ከውስጥ የሚወጣውን ስስ ወረቀት አስተካክሎ፣ ፊደሉን አጥብቦ በዚያ ላይ ይጽፋል። የተተረጎመው ለእስረኞቹ ይነበባል። ብጥስጣሹ ሦስት ሺህ ገደማ ደረሰ፤ በሚፈቱ እስረኞች በኩል ጥቂት በጥቂት ከግቢው ወጣ። ሬይ ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው «ፋራናይት 451» መጻሕፍት ሲቃጠሉ ሰዎች በቃላቸው ይይዟቸዋል። ነቢይና ጓደኞቹ ልብወለዱን በእውን ሠሩት፤ የሠሩት ደግሞ አልጋ እንደ ልብ በማይገኝበት ክፍል ውስጥ ነው።

መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር አዲስ አበባ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እጅ ተሸልማ ነበር፤ ትግላችን ሐውልትም የዚያ ዘመን ሥራ ነው። ከወረታ በደብረ ታቦርና በጋይንት አድርጎ ወደ ወልዲያ የሚወስደው መንገድ በሚያገናኘው በወሎ ግን ሰው በረሃብ ይረግፍ ነበር። የመንግሥት ሬዲዮ በበዓሉ ሰሞን ስለ ረሃቡ አፉን ዘጋ። ዓለም የኮረምን ረሃብተኞች ያየው ከአንድ ወር በላይ ዘግይቶ በቢቢሲ ቴሌቪዥን ነው። ሀገር ተርባ ዋና ከተማ የምትሸለምበት ትዕይንት ከየትኛውም ልብወለድ ገጽ አልተቀዳም።

ይህን ሁሉ ያለፈ ታሪክ ነው ብሎ መዝጋት የማይቻለው ቃሉ ዛሬም ስለሚሠራ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆይቷል። በየጎራው ተፋላሚን፣ አንዳንዴም ሲቪሉን በስሙ ሳይሆን በቅጽል መጥራት ተለምዷል። ቅጽሉ ከተለጠፈ በኋላ «ተወሰደበት» የሚለው ግሥ ሩቅ አይሆንም። ይህን ደግሞ ማንም ወገን ከሌላው ብቻ ያየ መስሎ መቀመጥ የለበትም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ኦሮማይ በሁለተኛ ደረጃና በዩኒቨርሲቲ ትምህርት ከ«1984» ጋር ጎን ለጎን ይነበብ፤ ተማሪው የራሱን ሀገር ታሪክ በእንግሊዛዊ ምናብ ብቻ እንዳያውቀው። ሁለተኛው አስቸኳይ ነው። በሻጋና በጅግና የመጀመሪያውን ሩዝ የተከሉት ገበሬዎች አርጅተዋል። የሩዙን ታሪክ ተመራማሪዎች ጽፈውታል፤ የስብሰባውን ታሪክ ግን እነሱ ብቻ ናቸው የሚያውቁት። ድምፅ መቅጃ ይዞ የሚሄድ አስተማሪ ወይም ተማሪ ሊጠይቃቸው የሚገባው ብዙ ነው፤ በዚያ ቀን መጀመሪያ እጁን ያወጣው ማን ነበር? እጁን ያላወጣስ ምን ሆነ? ኮታው ስንት ኩንታል ነበር? የተደበቀው እህል የት ተቀበረ? ካድሬው ሲሄድ፣ በሩ ሲዘጋ፣ እሳት ዳር ምን ተባለ?