ቮልቴጁ የማን ነው?

ባለፈው ሰሞን ከባልደረቦቼ ጋር ቡና እየጠጣን ሳለ፣ የቤቴን ኮምፒዩተር ፕሮሰሰር ፍጥነቱንም ቮልቴጁንም ቀንሼ እንደምጠቀምበት በጨዋታ መሐል አነሣሁ። አንድ ወጣት መምህር ሳቀና «ዶክተር፣ ሙሉ ዋጋ ከፍለው የገዙትን ማሽን በገዛ እጅዎ ማድከም ምን ይሉታል?» አለኝ። ሌሎቹም ሳቁ፤ እኔም ለጊዜው አብሬ ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ሳሰላስለው ግን ነገሩ የሚያስቅ ሆኖ አላገኘሁትም። ይህ ወጣት ምህንድስና ያስተምራል። እንዲህ ያለ የተማረ ሰው ከፋብሪካ የመጣውን ከፍተኛ ልክ ትክክለኛው ልክ ነው ብሎ ካመነ፣ ሻጮቹ ሥራቸውን በሚገባ ሠርተዋል ማለት ነው። ለእርሱ በቡና ሰዓት ያልሰጠሁትን መልስ እዚህ ልጻፈው።

የሚያውቁ አንባቢዎቼን ይቅርታ እየጠየቅሁ ከመሠረቱ ልጀምር። አንድ ፕሮሰሰር በሥራ ላይ ሳለ የሚበላው ኃይል በዋናነት የሦስት ነገሮች ብዜት ነው፤ በውስጡ ያሉት ሰርኪቶች ኤሌክትሪክ የመያዝ አቅም፣ በሰከንድ የሚመታው የምት ብዛት ማለትም ፍጥነቱ፣ እንዲሁም የቮልቴጁ ካሬ። ካሬ የሚለውን ቃል ልብ ይሏል! ፍጥነቱን በ10 በመቶ ብንቀንስ ይህ ፍጆታ በ10 በመቶ ይወርዳል። ቮልቴጁን በ10 በመቶ ብንቀንስ ግን በ19 በመቶ ይወርዳል። ሁለቱን አንድ ላይ ብንቀንስ ቅነሳው 27 በመቶ ይደርሳል። ፍጥነትን ብቻ መቀነስ ብዙ አያዋጣም፤ ሥራው ያን ያህል ስለሚረዝም በአንድ በኩል የተቆጠበው በሌላ በኩል ይፈሳል። ቁም ነገሩ ያለው ቮልቴጁ ላይ ነው።

ለመሆኑ የሚቀነስ ትርፍ ቮልቴጅ ከየት መጣ? ከአንድ የሲሊከን ገበታ የሚወጡ ቺፖች እንኳ እኩል አይደሉም። አንዱ በትንሽ ቮልቴጅ ይረጋጋል፣ ሌላው ብዙ ይሻል። አምራቹ እያንዳንዱን ለየብቻ ለክቶ እንደ ባሕርይው እስከ መጨረሻው ጠብታ ማስተካከል ስለማይችል፣ ለደካማው የሚበቃውን፣ በዚያም ላይ ለሙቀትና ለእርጅና መጠባበቂያ የሚሆነውን ጨምሮ ይሰጣል። የወታደር ካፖርት ለሁሉም እንዲበቃ ሰፋ ተደርጎ እንደሚሰፋው ማለት ነው። በዚህ አምራቹን አልወቅስም። የእኔ ጠብ የሚጀምረው መጠባበቂያው አልፎ ልኩ ራሱ የገበያ ውድድር ማድመቂያ የሆነ ጊዜ ነው።

ውድድሩ አዲስ አይደለም። ኢንቴል በፔንቲየም 4 ዘመን ፍጥነትን በጊጋኸርዝ ቁጥር ብቻ ሲሸጥ ኖሮ፣ 3.8 ጊጋኸርዝ ላይ ሲደርስ የሙቀት ልኩ 115 ዋት ሆነ። ቃል የተገባለት የ4 ጊጋኸርዝ ፕሮሰሰር እ.ኤ.አ. በ2004 ተሰረዘ፤ የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ክሬግ ባሬትም በዚያው ዓመት በአንድ ጉባኤ መድረክ ላይ ተንበርክከው ይቅርታ ጠየቁ። እርግጥ በቀልድ መልክ ነበር። የተጠየቀው ይቅርታ ግን ለምን እንደነበር እናስተውል፤ ቃል የተገባው ፍጥነት ባለመምጣቱ እንጂ የየሰዉ ቤት በመሞቁ አልነበረም።

ትምህርቱ ሃያ ዓመት እንኳ አልቆየም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኮር አይ9-13900ኬ መነሻው 125 ዋት፣ ጣሪያው 253 ዋት ነበር። በዚያው ዓመት የመጣው የኤ.ኤም.ዲ ራይዘን 9 7950ኤክስም 170 ዋት ተብሎ ተሰይሞ እስከ 230 ዋት እንዲስብ፣ ሥራ ሲከብደው ደግሞ እስከ 95 ዲግሪ እንዲግል ሆኖ ተሠራ። የማዘርቦርድ ሠሪዎቹ ደግሞ እርስ በርስ ለመበላለጥ ሲሉ የኢንቴልን የኃይል ጣሪያ በብዙ ሰሌዳዎቻቸው ላይ 4096 ዋት አድርገው ይልኩልን ነበር። አብዛኛው የኤሌክትሪክ ምጣድ ከዚህ ባነሰ ኃይል እንጀራ ይጋግራል። ቁጥሩ ጣሪያ አይደለም፤ «ጣሪያ የለም» የሚባልበት ጨዋ ዘዴ ነው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ የ13ኛውና የ14ኛው ትውልድ የኢንቴል ቺፖች በሰዎች ቤት መውደቅ ጀመሩ። ፕሮግራሞች ያለ ምክንያት ይዘጋሉ፣ ማሽኑ ይደነቃቀፋል። መጀመሪያ ጣት የተቀሰረው ማዘርቦርዶቹ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 ግን ኩባንያው ራሱ አመነ፤ በማይክሮኮዱ ስሕተት ፕሮሰሰሩ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ ይጠይቅ ነበር። ማስተካከያ ተላከ፣ የዋስትናው ጊዜም በሁለት ዓመት ተራዘመ። አስቀድሞ የተጎዳውን ቺፕ ግን ማስተካከያው አያድነውም። እንግዲህ ቮልቴጅ የነካ ሰው ዋስትናውን ሊያጣ እንደሚችል ሲነገረን የኖርን ሰዎች ምን እንበል? ቺፖቹን የገደላቸው ባለቤቱ የቀነሰው ቮልቴጅ ሳይሆን ሻጩ የጨመረው ቮልቴጅ ነበር!

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ቁልፉ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 የበርሚንግሃም፣ የግራትስና የሌቨን ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች፣ በፕለንደርቮልት ስም፣ ቮልቴጁን በሶፍትዌር በማውረድ ኤስ.ጂ.ኤክስ የተባለውን የኢንቴል ምስጢር መጠበቂያ ማፋለስ እንደሚቻል አሳዩ። ጥናቱ ድንቅ ነው፤ አደጋውም እውነተኛ ነበር። መፍትሔ ተብሎ የመጣው ግን ቮልቴጅ የመቀነሻውን በር በባዮስ ማሻሻያ መቆለፍ ሆነ። የእኔም ላፕቶፕ በዚህ መንገድ ተቆለፈ። ስሙን የማልጠቅሰው አምራች የላከውን ማሻሻያ በቅንነት ጫንሁ፤ በማግሥቱ ለዓመታት በጸጥታ ይሠራ የነበረው ማሽን ማራገቢያውን እያስጮኸ ጠበቀኝ። ፈቃዴን የጠየቀኝ የለም።

ለደኅንነት ሲባል ነው የሚለውን መከራከሪያ አልንቀውም። ነገር ግን ይህን ጥቃት የሚፈጽም ሰው አስቀድሞ የማሽኑን የአስተዳዳሪነት ሥልጣን መያዝ አለበት፤ ያን የያዘ ሌባ ከእኔ ቤት የሚፈልገውን ለመውሰድ ቮልቴጅ መነካካት አያስፈልገውም። ደግሞስ ኤስ.ጂ.ኤክስ ራሱ ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ ከቤት ኮምፒዩተር ፕሮሰሰሮች ላይ ተነሥቷል። ይጠበቅ የነበረው ሣጥን ከቤት ከወጣ በኋላ በብዙ ላፕቶፖች ላይ በሩ እንደተቆለፈ መቅረቱን ምን እንበለው? እኔ ሥልጣንን መላመድ እለዋለሁ። በአገራችን ፖለቲካ «ለጊዜው» ተብሎ የተወሰደ መብት እንዴት ያለ ዕድሜ እንዳለው አንባቢዎቼ ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

ባልደረባዬ ምናልባት «ታዲያ በወር ስንት ብር ሊተርፍዎት ነው?» ይለኝ ይሆናል። አልዋሸውም። በመስከረም 2017 ዓ.ም. የተጀመረውና በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ የሚያድገው የመብራት ታሪፍ ቢያሳስበኝም፣ ከምጣዱ ፍጆታ አጠገብ የፕሮሰሰሬ ድርሻ ኢምንት ነው። የእኔ ትርፍ ሌላ ቦታ ነው። መብራት ሲጠፋ ዩ.ፒ.ኤሱ የያዘው ጉልበት የተወሰነ ነው፤ ማሽኑ የሚስበው ባነሰ ቁጥር የጀመርሁትን አንቀጽ ጨርሼ በሥርዓት ለመዝጋት ጊዜ አገኛለሁ። ክፍሌ አይግልም። ማራገቢያው አቧራ እየሳበ አያፏጭም። ቺፑም በሙቀትና በቮልቴጅ ከማርጀት ጥቂት ይታደጋል፤ እንደ ልብ ለማይለውጥ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የማጣው ፍጥነት? ጽሑፍ ስጽፍና የተማሪዎችን ውጤት ስደምር እስካሁን አልተሰማኝም። ቀኑን ሙሉ ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው የተለየ ምርጫ ቢያደርግ አልፈርድበትም፤ የምጠይቀው ምርጫ መኖሩን ነው።

አሠራሩም ምሥጢር የለውም። በራይዘን ላይ ኢኮ ሞድ የተባለውን በባዮስ ውስጥ መምረጥ ብቻ ብዙውን ሥራ ይሠራል። በእጅ የሚቀንስ ሰው በ10 በ10 ሚሊቮልት ይውረድ፤ በየደረጃው ማሽኑን በከባድ ሥራ ይፈትነው፤ ሲደነቃቀፍ ወደ ኋላ ይመለስ። ከጫፉም ጥቂት ከፍ ብሎ ይቁም፤ የሚያስፈራው ማሽኑ መዝጋቱ ሳይሆን ሳይዘጋ የተሳሳተ ስሌት መስጠቱ ነውና። ፍተሻውን ሳይጨርስ የመመረቂያ ጽሑፉን በዚያ ማሽን ላይ የሚከፍት ተማሪ ካለ ተጠያቂው እኔ አይደለሁም።

አምራቾች ሦስት ነገር እንዲያደርጉ እጠብቃለሁ። ከሳጥኑ ሲወጣ የሚመጣው ልክ ለሰንጠረዥ ፉክክር ሳይሆን ለቤት የሚሆነው ይሁን፤ ፍጥነት የፈለገ ራሱ ይጨምር። የቮልቴጅ መቀነሻው በር በባለቤቱ ፈቃድ የሚከፈት ይሁን። በማሻሻያ ስም የሚወሰድ ነገር ካለ ከመወሰዱ በፊት ይነገረን።

ያ ወጣት ባልደረባዬ ከትናንት ወዲያ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር። ላፕቶፑ በጭኑ ላይ አላስቀምጥ ብሎት «ዶክተር፣ ያቺን ነገር እስቲ ያሳዩኝ» አለኝ። አብረን ከፍተን አየነው፤ የእርሱም ተቆልፏል።