የትንፋሽ ማጠርን በእርጅና አታሳብቡ

የዕድሜ እኩዮቼ፣ ዛሬ የምነግራችሁን እንደ ተራ ምክር አትስሙት፤ ማስጠንቀቂያ ነው። ዳገቱ ሲያቅተን፣ ጠዋት ጠዋት ሳሉ ሲያፍነን “ዕድሜ ነው” እያልን እናልፈዋለን። ዕድሜ ፀጉር ያሸብታል፣ ጉልበትም ያደክማል። ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ለመድረስ መንገድ ላይ ደጋግሞ የሚያስቆም ትንፋሽ ግን በሽታ ነው፤ መመርመር አለበት።

ሐኪሞች ሥር የሰደደ የሳንባ አየር ቧንቧ መጥበብ፣ በአጭሩ ሲኦፒዲ ይሉታል። ለዓመታት የገባ ጭስና አቧራ የአየር ቧንቧዎቹን ያጠባቸዋል፤ አክታ ይሞላባቸዋል፤ አየር የሚቀበሉት ጥቃቅን ከረጢቶችም ይፈርሳሉ። የፈረሰው ዳግም አይጠገንም።

ጥቂት ሰው የሚይዝ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2007 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ፣ በልዩ ልዩ አገሮች በ12 ሥፍራዎች የተካሄደ ጥናት፣ 40 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ሰዎች ከአሥሩ አንዱ በመካከለኛ ወይም በከፋ ደረጃ እንደታመመ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ይኸው በሽታ እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 3.5 ሚሊዮን ሰው ገድሏል። 70 ዓመት ሳይሞላቸው ከሞቱበት ከአሥሩ ዘጠኝ የሚሆኑት እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው።

“እኔ ሲጋራ በአፌ አልዞረም” የምትሉ ብዙ ናችሁ። እውነታችሁን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን በተደረገው ጥናት ትምባሆ የሚጠቀመው ጎልማሳ 5 በመቶ ገደማ ነበር። ይህ ግን አያድናችሁም። በሀብታም አገሮች ከታማሚዎቹ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት በሲጋራ የታመሙ ናቸው፤ በድሃ አገሮች የሲጋራ ድርሻ ከ30 እስከ 40 በመቶ ብቻ ነው። እኛን ከሚጎዱን ዋነኛው የቤታችን ጭስ ነው።

የእንጀራ ቀኑን አስቡት። ማድ ቤቱ መስኮት የለውም፤ እርጥቡ ባሕር ዛፍ አልነድ ብሎ ይጨሳል። ጋጋሪዋ ጎንበስ ብላ እፍ ትላለች፤ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች፤ ሊጡን ምጣዱ ላይ አዙራ አክንባሎውን ትደፋለች፤ እንደገና እፍ። ጣሪያውን ያጠቆረው ጥቀርሻ ከዚያው ጭስ የመጣ ነው፤ እሷም የምትስበው ያንኑ ነው፤ ጀርባዋ ላይ ያዘለችው ሕፃንም እንዲሁ። ሚስቶቻችን በዚህ ዕድሜያቸውን ፈጁ፤ አሁን ደግሞ ምራቶቻችን ተራውን ይዘዋል። በዚህ ላይ ወፍጮ ቤት፣ ሲሚንቶና ድንጋይ መፍለጫ የሠራ፣ የሳንባ ነቀርሳ ታሞ የዳነም ሰው ራሱን ይጠርጥር።

ምልክቱን ልብ በሉ፦ ወራት አልፎ ዓመታት የዘለቀ አክታ ያለው ሳል፣ ከእኩያ ጋር እኩል መራመድ ማቃት፣ ሲተነፍሱ ደረት ውስጥ ማፏጨት፣ ጉንፋን በያዘ ቁጥር ደረት ላይ መውረድ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ሐኪም ዘንድ ሂዱና የትንፋሽ ምርመራ ጠይቁ። አየር ሞልቶ ስቦ በኃይል ወደ መሣሪያው መንፋት ነው፤ አያምም። የአየር ቧንቧ የሚከፍት መድኃኒት ከተወሰደ በኋላ በመጀመሪያዋ ሰከንድ የወጣው አየር ከጠቅላላው ከ70 በመቶ በታች ከሆነ ቧንቧው ጠቧል ማለት ነው። ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈ የነቀርሳም ምርመራ ይደረግላችሁ። ወደ ውስጥ የሚሳበውን መድኃኒት “ከለመዱት አይለቅም” ብላችሁ አትሽሹ፤ ሱስ አያስይዝም። ከንፈር ከጠቆረ ወይም ተቀምጦ መናገር ካቃተ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሂዱ።

የምታጨሱ ዛሬ አቁሙ፤ በየትኛውም ዕድሜ ማቆም የሳንባውን ጉዳት ያዘገያል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚገለገልባቸው ዝግ ቦታዎች ማጨስን ከልክሏል፤ በገዛ ቤታችን ግን ሕግ አውጪዎቹ እኛ ነን። የቤት አባወራና እማወራ ነንና የማድ ቤቱን ግድግዳ አስከፍተን መስኮትና የጭስ መውጫ እናሠራ፤ እንጨቱ ደርቆ ይንደድ፤ አቅም ያለው ወደ ኤሌክትሪክ ምጣድ ይዙር፤ ከሰል ከመኝታ ክፍል ይውጣ።

ይህን ለማድረግ ሥልጣኑ በእጃችን ነው። ሳንጠቀምበት ብንቀር ለልጅ ልጆቻችን ሳንባ ተጠያቂዎቹ እኛ ነን። አትዘግዩ።