ክሊራንስ ያልጨረሰ የኔትወርክ ካርድ

ተማሪ ከዩኒቨርሲቲ ሲሰናበት የክሊራንስ ወረቀት ይዞ ከቤተ መጻሕፍት ወደ መኝታ ቤት፣ ከዚያም ወደ ንብረት ክፍል ይመላለሳል፡፡ አንድ መጽሐፍ ሳይመልስ ከቀረ አይፈረምለትም፡፡ አሠራሩ አሰልቺ ቢሆንም፣ በሊኑክስ ከርነል ውስጥ የኔትወርክ ካርድ የሚሰናበተው በዚሁ ሥርዓት መሆኑን ልብ የሚል ጥቂት ነው፡፡

የካርዱ ድራይቨር ሥራ ሲጀምር፣ የካርዱን ስም፣ አድራሻና ሁኔታ የሚይዝ መዋቅር ከማኅደረ ትውስታ ላይ ያስመድባል፤ ቀጥሎም በከርነሉ ዘንድ ያስመዘግበዋል፡፡ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ መዋቅሩ የድራይቨሩ የግል ንብረት መሆኑ ያበቃል፡፡ ሌሎች የከርነሉ ክፍሎችም ይይዙታል፤ እያንዳንዱ ያዥ ቆጣሪውን በአንድ ከፍ ያደርጋል፣ ሲለቅም በአንድ ይቀንሳል፡፡ ስንብቱም በቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ ከመዝገብ መሰረዝ፣ ያዦች ሁሉ እስኪለቁ መጠበቅ፣ በመጨረሻም ማኅደረ ትውስታውን መመለስ፡፡ ምዝገባው ሳይሳካ ቢቀር እንኳ የተመደበውን መመለስ የድራይቨሩ ግዴታ ነው፡፡ ጀማሪዎች አብዝተው የሚረሱትም ይህንኑ ነው፡፡

ቀድሞ ብዙ ድራይቨሮች መዋቅሩን በገዛ ራሳቸው ኮድ ውስጥ አካትተው ይይዙት ነበር፡፡ በ1996 ዓ.ም. ታኅሣሥ የወጣው ሊኑክስ 2.6 ግን የመሣሪያዎችን መረጃ በፋይል መልክ ማሳየት ጀመረ፡፡ ድራይቨሩ ከወጣ በኋላ ፋይሉን ከፍቶ የቆየ ፕሮግራም ባዶ ቦታ እንዳያነብ፣ መዋቅሩ ለብቻው መመደብ ነበረበት፡፡

በአንድ ቤተ ሙከራ ያየሁትን ልንገራችሁ፡፡ ተማሪያችን ለልምምድ በጻፈው ሞጁል ካርዱን በስሙ ፈልጎ ያዘ፤ መልቀቁን ረሳ፡፡ እኔም ኮዱን አይቼ አልፌዋለሁ፡፡ ከዚያ የዩኤስቢ ካርዱ ሲነቀል ኮምፒውተሩ፣ የካርዱን መለቀቅ እየጠበቀ መሆኑን በየ10 ሰከንዱ እየጻፈ ቀረ፡፡ ቆጣሪው 1 ላይ ቆሟል፡፡ ማጥፊያ ትእዛዙም ስላልሠራ መሰኪያውን ነቀልነው፡፡

ልምምድ በመሆኑ ሳቅን፡፡ በሚዛን ተፈሪ ወይም በቴፒ ለሚሠራ ሰርቨር ግን አያስቅም፤ አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፣ የሚጠራውም ባለሙያ በአንድ ጀንበር ላይደርስ ይችላል፡፡

«ከእኛ አገር ድራይቨር የሚጽፍ ማን አለና?» የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ፡፡ የዳታቤዝ ግንኙነት ከፍቶ የማይዘጋው ፕሮግራማችንስ ከዚህ በምን ይለያል? ማስተማሪያችን ስለ መመደብ ብዙ ገጽ ሰጥቶ መልቀቅን በአንድ መስመር ያልፈዋል፤ ፈተናውም የሠራውን እንጂ የከሸፈውን መንገድ አይጠይቅም፡፡ በእኔ እምነት የኦፕሬቲንግ ሲስተም ተማሪ ትንሽ ድራይቨር ጽፎ፣ ኔትወርኩ በሥራ ላይ እያለ 100 ጊዜ እንዲጭነውና እንዲያወርደው፣ ምዝገባውም ሆን ተብሎ እንዲከሽፍበት መደረግ አለበት፡፡ ከውጤቱም ግማሹ ለዚሁ ይሁን፡፡