ቲማቲማችን ስንት ጊዜ ተረጨ?

በረመዳን ሾርባችንም ሆነ በዘወትር ወጣችን ቲማቲም የማይገባበት ቤት ጥቂት ነው። ስለ ቲማቲም ጥቅም ብዙ ጊዜ ተነግሯል። ዛሬ የምንነጋገረው ቲማቲሙ እጃችን ከመግባቱ በፊት ስንት ጊዜ መርዝ እንደተረጨበትና ለምን እንደተረጨበት ነው።

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ሲወርዱ ሁምቦ ወረዳ ይገኛል። ከጠበላ ከተማ በታች ወደ አባያ ሐይቅ የሚወርደው ቆላ ሞቃት ነው። ሙቀቱ ለቲማቲም እንደሚመች ሁሉ ለቲማቲሙ ጠላትም ይመቻል። ይህ ጠላት ቱታ አብሶሉታ ወይም የቲማቲም ቅጠል ሰርሳሪ ይባላል። መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ስፔን ታየ፤ በ2012 ደግሞ አገራችን መግባቱ ታወቀ። ትንሽ ግራጫ የእሳት ራት ናት። አንዷ ሴት እስከ 260 የሚደርስ እንቁላል ትጥላለች፤ በሞቃት ቦታ ከእንቁላል ተነስታ ራት ለመሆን አንድ ወር እንኳ አይፈጅባትም። ትሉ በቅጠሉ የላይና የታች ቆዳ መካከል ገብቶ ውስጡን ይበላል፣ ከዚያም ፍሬውን ይበሳል። ስለዚህ ከላይ የሚረጨው አብዛኛው መርዝ አያገኘውም። እ.ኤ.አ. በ2016 በሰሜን ናይጄሪያ የካዱና ግዛት መንግሥት በዚሁ ተባይ ምክንያት በቲማቲም ላይ የአስቸኳይ ጊዜ እስከማወጅ ደርሶ ነበር።

ከዚህ የከፋው ግን ተባዩ መርዙን መልመዱ ነው። በማሳው ካሉት ብዙ ትሎች ውስጥ በተፈጥሯቸው መርዙን የሚቋቋሙ ጥቂቶች አይጠፉም። ገበሬው ሲረጭ ሌሎቹ ይሞታሉ፤ እነዚህ ተርፈው ይራባሉ። ያው መርዝ ደጋግሞ ሲረጭ ማሳው የተራፊዎቹ ልጆች ብቻ ይሆናል። ነገሩ አዲስ አይደለም። በኢንዶኔዥያ ጃቫ ደሴት የጎመን የእሳት ራት ዲዲቲን መቋቋሟ የተዘገበው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። ቱታም ብትሆን ለእርሷ ዋነኛ መፍትሔ ተብለው የመጡትን አዳዲሶቹን ዳያማይድ የሚባሉ መርዞች ሳይቀር እንደተቋቋመች እ.ኤ.አ. በ2015 ከጣልያንና ከግሪክ ተዘግቧል።

ታዲያ ትሉ አልሞት ሲለው ገበሬው ምን ያደርጋል? መጠኑን ይጨምራል፤ ሁለትና ሦስት ዓይነት ይቀላቅላል፤ በሳምንት አንዴ ይረጭ የነበረውን ሁለቴ ያደርገዋል። ሱቅ ሄዶ «ሌላ መድኃኒት» ይገዛል፤ ነገር ግን የጠርሙሱ ስም ተለወጠ እንጂ ውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ያው ሊሆን ይችላል። (መርዙን መድኃኒት ብለን መጥራታችን ራሱ ያዘናጋናል።) ገበያው ቀን ሲደርስ ደግሞ ትናንት የተረጨውን ዛሬ ይለቅማል። እያንዳንዱ መርዝ ከመጨረሻው ርጭት እስከ ለቀማ ድረስ መጠበቅ ያለበት የቀን ብዛት አለው፤ በዕቃው ላይም ተጽፏል። ያ ቀን ካልተጠበቀ ቀሪው መርዝ ወደ ልጆቻችን ሳህን ይመጣል።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን እህል ክምር ውስጥ አስገብተው ርጥበት ማግኘታቸውን፣ ሻጩንም እርጥቡን ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው መጠየቃቸውን ሁላችንም ሰምተናል። የእህሉ ርጥበት በእጅ ይዳሰሳል፤ የቲማቲሙ መርዝ ግን አይዳሰስም፣ አይታይም። በእኔ እምነት ትናንት የተረጨ ቲማቲም ሳይናገሩ መሸጥ ከዚያ የከበደ ነው።

ሆኖም ጥፋቱን ሁሉ ገበሬው ላይ መጫን ፍትሕ አይደለም። ተበድሮ ዘር የገዛ ሰው ማሳው ሲደርቅበት ዝም ብሎ አያይም። ጉሊት ላይ አንዲት ቀዳዳ ያየንበትን ቲማቲም ወርውረን የሚያብረቀርቀውን የምንመርጠውስ እኛው አይደለንምን? ገበሬውን ወደ መርጫው የሚገፋው የእኛም ምርጫ ነው።

አትክልት መብላት ይቅር ማለታችን አይደለም። በሚፈስ ውኃ እያሹ ማጠብ ከላይ ያለውን መርዝ ይቀንሳል፤ ልጣጩን ማንሳት ደግሞ ይበልጥ ይቀንሳል። ወደ ውስጥ የሰረገውን ግን የትኛውም እጥበት አያወጣውም። ስለዚህ ዋናው ሥራ ማሳው ላይ ነው። የተበላውን ቅጠልና ፍሬ ለቅሞ መቅበር፣ ቲማቲምን በቲማቲም፣ በድንች ወይም በቃሪያ ማሳ ላይ ደግሞ አለመትከል፣ ወንዱን ራት በሽታ የሚስብ ወጥመድ መስቀል፣ የኒም ፍሬ ፈጭቶና ዘፍዝፎ መርጨት፣ መርዝ የግድ ካስፈለገም ስሙን ሳይሆን ዓይነቱን እየለዋወጡ መጠቀም ይቻላል። ለዚህ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ መጠየቅ ይገባል።

ራቷ ክንፍ አላት። አንዱ ሲጠነቀቅ ጎረቤቱ ችላ ካለ ልፋቱ ከንቱ ነው። ሁምቦ ደግሞ በጋራ መሥራትን ያውቅበታል። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከልሎ፣ በሰባት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅቶ፣ ከጉቶው ደን አብቅሏል። ለተራራው የተደረገው ስምምነት ለቲማቲም ማሳም ሊደረግ ይችላል፤ በአንድ መስኖ የሚጠቀሙት በአንድ ቀን ለቅመው ይቅበሩ፣ የመጠበቂያውንም ቀን አብረው ያክብሩ።

እኛ ደግሞ ከጁምዓ ሶላት በኋላ የጀማዓችንን ገበሬዎች እንጠይቃቸው፤ ገበያም ላይ ከዋጋው በፊት «መቼ ተረጨ?» እንበል። ቀኑን ጠብቄ ነው የለቀምኩት የሚለውን ሰው ቲማቲም፣ ጥቂት የትል ቀዳዳ ቢኖርበትም፣ በሙሉ ዋጋ እንግዛው።