ስሙን የማናውቀው ‹‹ሊቨርፑል››

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሁለት ክፉ ዜና በአንድ ቀን ሰማን። ኮሮና አገራችን ገባ፤ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግም ተቋረጠ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ብዙዎቻችንን የዚያን ዕለት ያስደነገጠን ሁለተኛው ነው።

ጥቂት ቆይቶ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። የሰፈራችን ዲኤስቲቪ ቤት ተዘጋ፤ የአገር ውስጡ ሊግም ያለ ሻምፒዮን ተሰረዘ። መቼም እንደ አውሮፓ በር አልተቆለፈብንም። ታክሲውም ገበያውም ነበር። የተዘጋብን ወሬያችን ነው።

በዚህ ከተማ ወንድ ልጅ ‹‹ጨንቆኛል›› አይልም፤ ‹‹ዳኛው ሸጠን›› ይላል። ከሥራ የተባረረውም፣ ከሚስቱ የተጣላውም ቅዳሜ አግዳሚ ላይ ተጣብቦ ይጮህና ቀለል ብሎት ቤቱ ይገባል። ያ ሁሉ ሰው ጭንቀቱን ይዞ ወዴት ይሂድ?

እኛ ጋ ‹‹ሊቨርፑል›› የምንላቸው ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ አሉ። በ2006 ዓ.ም. ጄራርድ ሲንሸራተት የሳቅንባቸው ሰውዬ ናቸው። ቤቱ ሲዘጋ እንደውልላቸው ብንል ስልካቸውን የያዘ ጠፋ። ለካ ስማቸውንም የሚያውቅ የለም!

ኳሱማ ተመለሰ። ግንቦት 8 ቀን ዶርትመንድ ሻልከን 4ለ0 ሲያሸንፍ ከባዶው ስታዲየም የሚሰማው የተጫዋቾቹ ድምፅ ብቻ ነበር። ሰኔ 10 እንግሊዞቹ ተከተሉ። እነሱ ደግሞ በቴሌቪዥኑ ላይ የተቀዳ የደጋፊ ጩኸት ጨመሩበት፤ ለእኔ ከዝምታው ይብስ ነበር። ሰኔ 18 ማታ ቼልሲ ሲቲን 2ለ1 ሲረታ፣ ሊቨርፑል ሜዳ ሳይገባ ከ30 ዓመት በኋላ የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። እኔ የማንቸስተር ነኝ፤ በሊቨርፑል ድል ደስ ብሎኝ አያውቅም። ያን ሌሊት ግን የማስበው ሰውየውን ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን ጠብቀው ማንን አቀፉ?

የደጋፊ ማኅበራት ስልካችንን የሚፈልጉት ለመዋጮ ነው። እኔ የምለው፣ በየዲኤስቲቪ ቤቱ አንድ ደብተር ይቀመጥ፤ የደንበኛው ስምና ስልክ ይጻፍበት። ሁለት ቅዳሜ የቀረ ሰው ይደወልለት። ለዚህ ኮሮና እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም፤ ብቸኝነት ያኔም ነበር፣ ዛሬም አለ።

ቤቱ ሲከፈት ሰውየው ቀይ ስካርፋቸውን አድርገው መጡ። ስማቸውን ብንጠይቃቸው ‹‹ዛሬ ደግሞ ምን ነካችሁ?›› ብለው ሳቁ፤ ነገሩን። ስልካቸውን ግን ‹‹ሊቨርፑል›› ብዬ ነው የመዘገብኩት።