ተቀባይ ብቻ እስከ መቼ?

በፈተና ሰሞን በመኝታ ቤታችን የሚታየውን ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን። አንድን የመማሪያ መጽሐፍ በአንዲት ጠባብ መስመር ከባሕር ማዶ ለማውረድ መቶ ተማሪ ይሻማል። መስመሩ ይጨናነቃል፤ ሌሊቱ ይነጋል፤ መጽሐፉ ግን አይደርስም። የሚያሳዝነው፥ ያው መጽሐፍ ከጎናችን በተኛው ጓደኛችን ኮምፒዩተር ውስጥ ተቀምጦ መገኘቱ ነው።

ችግሩ የመስመር ማነስ ብቻ ነውን? አይደለም እንላለን። ሁሉም ነገር ከአንድ ማዕከል ይምጣልን ብለን የመጠበቅ ልማዳችንም ነው።

የአቻ ለአቻ መረብ የሚባለው አሠራር ይህን ልማድ ይገለብጠዋል። ብራም ኮኸን በ2001 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቢትቶረንት ሰነዱን ይቆራርጥና ለየሰዉ የተለያየ ቁራሽ ያድላል፤ የደረሰውም ቀሪው ሳይሞላለት ያችኑ ቁራሽ ለሌላው ያቀብላል። በማዕከል አሠራር ፈላጊ ሲበዛ ሥራው ይንቀራፈፋል፤ በዚህኛው ግን ፈላጊው ራሱ ሰጪ ስለሆነ አቅሙ አብሮ ያድጋል። የገበሬው ወንፈል ከዚህ በምን ይለያል?

ጥቅሙም በሰነድ አይወሰንም። በስፔን አገር፥ በካታሎንያ፥ ኦሶና በተባለው ወረዳ፥ ኩባንያዎች ፈጣን መስመር ያላስገቡላቸው የገጠር ሰዎች ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከጣራ ወደ ጣራ የሚነጋገር አንቴና እየተከሉ ጊፊ ኔት የተባለውን መረብ ዘረጉ። የመገናኛ ነጥቦቹም ከ30,000 በላይ ደርሰዋል። እኛ ደግሞ ሁሉም ነገር በአንድ በር ሲያልፍ ምን እንደሚያስከፍል፥ ከሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ኢንተርኔት በአገራችን ለሳምንታት ሲቋረጥ አይተናል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ማዕከሉ ከፈረሰ እኩልነት ሰፈነ» ይላሉ። በዚህ አንስማማም። በ2000 እ.ኤ.አ. ኑቴላ በተባለው መረብ ላይ የተደረገ ጥናት፥ ከተጠቃሚዎቹ 70 በመቶ የሚጠጉት አንድም ሰነድ እንደማያካፍሉ አሳይቷል። በ2009 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ቢትኮይንም ባለቤት የለውም ቢባል፥ የማረጋገጡ ሥራ ብዙ ማሽንና ብዙ መብራት መግዛት በሚችሉት እጅ ተከማችቷል። ዕጣውን በልቶ የሚጠፋ የበዛበት ዕቁብ አይዘልቅም፤ ዕቁብን ያቆየው ዳኛው፥ ዋሱና ይሉኝታው ነው። መረብም ያለ ደንብ የጉልበተኞች ነው።

የሰው ላብ መብላትም እኩልነት አይደለም። ናፕስተር በ1999 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ በ2001 የተዘጋው፥ ዘፈን ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ስለተከፋፈለበት በተሰጠ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው። በየሕንጻው ያሉት ኮምፒዩተሮቻችንና ስልኮቻችን በአንድ ራውተር እርስ በርስ ይገናኙ። የራሳችንን የትምህርት ማስታወሻና ደራሲዎቻቸው በነጻ እንዲባዙ የፈቀዷቸውን መጻሕፍት እናካፍልበት። የወሰደ ሁሉ ለሚቀጥለው እስኪያቀብል በሩን አይዝጋ፤ ተቆጣጣሪውም በየወሩ በተራ ይመረጥ። ገንዘቡ ብዙ አይደለም፤ የሚጎድለው ፈቃዳችን ነው።

ከገጠር የመጣው የአንደኛ ዓመት ተማሪ የዳታ መግዣ ስላጣ ብቻ ወደ ኋላ ከቀረ፥ ስለ እኩልነት የምንናገረው ሁሉ ባዶ ጩኸት ነው። ከመኝታ ቤታችን እንጀምር።